«እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ስፖርት ላይ ነኝ»

ባለፈው ሐሙስ ማታ ለጓደኞቼ በዋትሳፕ «ከመካከላችሁ ስፖርት የምትሠራ አለች?» ብዬ ድምፅ ላክሁላቸው። መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ረጅም ሳቅ ነበር። «ኧረ ተይን! እኔ እኮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ስፖርት ላይ ነኝ። የሦስት ፎቅ ደረጃ፣ ስድስት መታጠቢያ ቤት፣ የአራት ልጅ አልጋ። የቀረኝ ሜዳልያው ብቻ ነው» አለች አንዷ። ሌሎቹም ተቀባበሏት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያንኑ ቃል አራት ዓመት ሙሉ ስናገር የኖርኩት እኔው ራሴ ነኝና።

አሁን ግን በዚህ አባባል አልስማማም። የማልስማማው ሰነፎች ናችሁ ለማለት አይደለም፤ እኛን ሰነፍ የሚል ሰው አንድ ቀን ብቻ በእኛ ቦታ ይዋል። የማልስማማው ሰውነቴ ስላስተማረኝ ነው።

ሪያድ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በአራተኛው ዓመት ላይ ቀኝ ትከሻዬ ካውያ ማንሳት እምቢ አለ። ማታ ማታ ወገቤ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ጠዋት ከፍራሹ የምነሳው ግድግዳ ይዤ ነበር። ያኔ 29 ዓመቴ ነው። ማዳም ክሊኒክ ወሰደችኝና ሐኪሟ እግሬን፣ ወገቤን፣ ሆዴን እየነካካች ካየች በኋላ «ጡንቻሽ ደካማ ነው» አለችኝ። ተናደድኩ። የውሃ ጀሪካን እስከ ላይ ፎቅ የምሸከም ሴት እንዴት ጡንቻዬ ይደክማል? እሷ ግን ነገሩን በደንብ አስረዳችኝ። ቀኑን ሙሉ የምሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ስወለውል አጎነብሳለሁ፣ ዕቃ ሳጥብ አጎነብሳለሁ፣ ሕፃን ሳነሳ አጎነብሳለሁ፣ ስተኩስም አንገቴን ደፍቼ ነው። ከፊት ያለው ሁሉ ሲጨማደድ፣ ወገብን ከኋላ የሚደግፈው የመቀመጫና የጀርባ ጡንቻ ሥራ ፈትቶ ይከርማል። ቀኝ እጄ ደግሞ የግራውን ድርሻ ጨምሮ ይሠራል።

እርግጥ የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ሥራንም ሆነ የጉልበት ሥራን ከአካል እንቅስቃሴ ይቆጥራል። ደረጃ መውጣታችን ከንቱ አይደለም ማለት ነው። ነገር ግን በሥራ ላይ የሚደረግ ከባድ ድካም፣ ሰው ለራሱ ብሎ በትርፍ ጊዜው የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ያህል ልብን እንደማይጠቅም ያጠኑ አሉ። ዴንማርካዊው አንድሪያስ ሆልተርማን ከባልደረቦቹ ጋር ብዙ ጽፎበታል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ልዩነቱ የመጣው ከኑሮ ችግር ነው እያሉ ይሟገቱታል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ለእኛ የሚጠቅመን ምክንያቱ ነው። በሥራ ላይ ሲደክምሽ ማቆም አትችዪም። እረፍቱ አጭር ነው፣ ሰዓቱ ረጅም ነው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ለራስሽ ስትንቀሳቀሺ ግን ስትፈልጊ ትጀምሪያለሽ፣ ሲበቃሽ ትተዪዋለሽ። ልብ የሚጠነክረው ደክሞ ሲያርፍ ነው፤ ሳያርፍ ሲደክም የሚመጣው ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ብዙ የስፖርት መካሪዎች ይዘሉታልና። በቀን አምስት ሰዓት ብቻ የምትተኚ ከሆነ ለስፖርት ብለሽ ቀድመሽ እንዳትነሺ። አንቺ የሚያስፈልግሽ እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ የመብት ጉዳይም ነው። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ፣ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በየሳምንቱ ደግሞ ደመወዝ የማይቆረጥበት፣ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት እረፍት አለሽ። ከአምስት ሰዓት ሥራ በኋላም ቢያንስ የግማሽ ሰዓት ፋታ ይገባሻል። በስንቱ ቤት ይህ እንደማይከበር አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ በነበርኩበት ቤት ዓርብ የሚባል ቀን አላውቅም ነበር። ግን ሕጉ መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ጥያቄ ወይም አቤቱታ ያላት የሰው ኃይል ሚኒስቴርን በ19911 መደወል ትችላለች።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ከክሊኒኩ ስመለስ በቲክቶክ «በ30 ቀን ሆድ ማጥፊያ» የሚል ቪዲዮ አገኘሁ። አንዲት ቀጭን ልጅ «አታቁሚ! አታቁሚ!» እያለች ትጮኻለች። ቀን አንድ፣ ቀን ሁለት፣ ቀን ሦስት። በአራተኛው ቀን እንግዶች መጡና እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ዕቃ ሳጥብ አመሸሁ። በአምስተኛው ቀን ስልኬን ሳየው አፈርኩ። በስድስተኛው ቪዲዮውን አጠፋሁት። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ጀመርኩ፤ እሱም እንዲሁ ቀረ። በራሴ ተስፋ ቆርጬ «እኔ ዓላማ የለኝም» እያልኩ እማረር ነበር።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ቀኑን ሙሉ «ነይ፣ ሂጂ፣ ቶሎ በይ» ሲባል የዋለ ሰው፣ ማታ ክፍሉ ገብቶ በስልክ ውስጥ ሌላ ማዳም እንዴት ይሾማል? ያ ልምምድ ቅጣት ነበር። የምሠራው ሆዴን ጠልቼው ነበር። በጥላቻ የተጀመረ ነገር ሳምንት ቢቆይ ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩ የተቀየረው በአጋጣሚ ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰገነቱ ላይ ነው። አንድ የታኅሣሥ ማታ ማሽኑ እስኪጨርስ 40 ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የሪያድን የክረምት ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ይበርዳል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በጆሮ ማዳመጫዬ የአስቴር አወቀ ዘፈን መጣ። ብርዱን ለመከላከል ብዬ ትከሻዬን ነቅነቅ ነቅነቅ ማድረግ ጀመርኩ። ከዚያ እስክስታው መጣ። ያ ካውያ አላነሳም ያለው ትከሻዬ! መጀመሪያ ላይ ተንቋቋ፣ ኋላ ሞቀው። ሦስት ዘፈን ጨፈርኩ። ሲያልቅ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው። ያን ሌሊት እንደ ልጅ ተኛሁ።

በማግስቱ ማታ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። ዓላማ ብዬ የፈለግሁት ነገር በሙሉ ለካ ይኼ ነበር፤ ነገ ልድገመው የሚያሰኝ ነገር ማግኘት።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ደስ የሚልሽን ፈልጊ፣ ጥቅሙ ከኋላ ይመጣል። እኛ ሀገር ደግሞ ለዚህ ድሃ አይደለንም። የጎጃምና የወሎ እስክስታ ለትከሻና ለደረት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለተጎበጠ ጀርባ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ጉራጊኛን ደግሞ ሦስት ደቂቃ ብቻ ሞክሪና ትንፋሽሽን አዳምጪ፤ ከየትኛውም ጂም አያንስም። ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ዝላዩን ትተሽ በትግርኛው ዝግ ያለ እርምጃ ጀምሪ። ዘፈን የማትሰማ ጓደኛ አለችኝ፤ መንዙማ ከፍታ በክፍሏ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ 20 ደቂቃ ትራመዳለች። ሌላዋ መዝሙር ነው የምትሰማው። ሌላዋ ደግሞ ጂዳ ካለችው እህቷ ጋር እያወራች ካልሆነ አንድ እርምጃ አትራመድም። ይሁን! ወሬውም ያራምዳል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። መካከለኛ ማለት መናገር ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን ያቅትሻል ማለት ነው። ቁጥሩ አያስደንግጥሽ። ድሮ ቢያንስ አሥር አሥር ደቂቃ ካልሆነ አይቆጠርም ይባል ነበር፤ በ2020 በወጣው መመሪያ ግን ይህ ቀርቷል፣ ትንሿም ትቆጠራለች። አምስት ደቂቃ ጠዋት፣ አምስት ከምሳ በኋላ፣ አሥር ማታ ቢሆን ያው ነው። ከዚህ በታች ብትሆኚም ከምንም ይሻላል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ «አንድ ዘፈን» የሚል ነው። የቱንም ያህል ቢደክመኝ አንድ ዘፈን። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው በራሱ ይከተላል። አንዱ ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ቀንም አለ፤ ያም ቀን ተቆጥሯል። ፍቅሩ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አይመጣም። እኔ ዕድለኛ ነበርኩ እንጂ ብዙ ሰው ጊዜ ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻ ያማል፤ ሰውነት እየለመደ ነው።

ቀን ካመለጠሽስ? ያመልጥሻል። የረመዳንን ሰሞን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከፍጡር እስከ ሱሁር ወጥ ቤት ቆሞ ማደር ነው። እኔ በረመዳን ስፖርት አቆማለሁ፤ ከመተኛቴ በፊት ጀርባዬን አፍታትቼ እተኛለሁ፣ በቃ። ከዒድ በኋላ ካቆምኩበት ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ ከአንድ ዘፈን እጀምራለሁ። ጸፀት የሚባል ነገር የለውም። ለረጅም ጊዜ ያስተወኝ ያመለጠኝ ቀን አልነበረም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን የሰደብኩት ስድብ ነበር።

ከጭፈራው ሌላ ሥራችን ያጎበጠውን የሚያቃኑ ጥቂት ነገሮች አሉ፤ አልጋሽ አጠገብ የሚሠሩ ናቸው። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ እስከ አምስት ቆጥረሽ አውርጂው፤ አሥር ጊዜ። ወገቤን ያዳነልኝ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በር መቃን ላይ ሁለት ክንድሽን አስደግፈሽ ደረትሽን ወደፊት ለቀቅ አድርጊው፤ ካውያና ዕቃ ማጠብ የጨማደዱት ደረት ሲከፈት ይሰማሻል። ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ ለጉልበት ነው። ግድግዳ መግፋት ለክንድ። አንዱን ቀን በዚህ፣ አንዱን ቀን በዚያ። ለስፖርት ልብስና ጫማ ገንዘብ እንዳታወጪ፤ በባዶ እግርሽ ምንጣፍ ላይ ይበቃል። ደግሞ በሥራ መሐል መወልወያውን በግራ እጅሽ መያዝ ልመጂ። መጀመሪያ ቀን ያስቃል።

የእረፍት ቀን ያላችሁ፣ መውጣት የምትችሉ፣ ውጡ። ሪያድ የመኪና ከተማ ናት፤ እንደ አዲስ አበባ ከቤት ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ማዝገም አይመችም። ግን መናፈሻ አላት። መለዝ ያለው የንጉሥ አብዱላህ መናፈሻ አለ፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ የዋዲ ሐኒፋ ሸለቆ አለ፤ ቆሻሻ መጣያ ከመሆን ተነስቶ በ2010 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ያገኘ፣ ውሃና ዘንባባ ያለበት ቦታ ነው። ሜትሮው ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ታክሲ ለሚከብደን መንገዱ ቀሏል፤ የሁለት ሰዓቱ ትኬት 4 ሪያል ነው። ሦስት አራት ሆኖ ፔርሙዝ ሻይ ይዞ መሄድ፣ አንድ ሰዓት መራመድ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ማውራት ሳምንቱን ያስረሳል። ልብ በሉ፣ ሪያድ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በትንፋሽ በኩል እኛ ከዳገት የወረድን ልጆች ነን።

ፀሐዩ ግን ቀልድ አያውቅም። በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። መንግሥት ራሱ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል፤ የኮንስትራክሽን ሠራተኛ እንኳ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። በጠዋት ወይም ከመሸ በኋላ ብቻ ውጪ። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፤ ስለዚህ ምን ያህል ውሃ እንደወጣሽ አይታወቅሽም። ሳይጠማሽ ጠጪ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ጥላ ውስጥ ገብተሽ ሰውነትሽን በውሃ አርጥቢ፤ ካልተሻለሽ ወይም ግራ መጋባት ካለ ወዲያው 997 አምቡላንስ ነው።

ስለመውጣት ከተነሳ፣ ሳትናገሪ እንዳትወጪ። «ሁሩብ» ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ተብሎ ከሥራ ጠፍታለች መባል አይገባም። ቀኑንና ሰዓቱን ተነጋግራችሁ፣ ቢቻል በመልእክት ጽፈሽ አስቀሪው። ኢቃማሽን ያዢ፣ የስልክሽ ባትሪ ይሙላ፣ ወዴት እንደሄድሽ አንዲት ጓደኛሽ ትወቅ።

እንዴት ልጠይቅ ለምትሉ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። አሁን ያለሁበት ቤት ማዳም 40 ዓመት አልፏታል። አንድ ቀን «ዘህሪ ዪውጀዕኒ፣ አብጋ አምሺ ሩብዕ ሳዓ» አልኳት፤ ወገቤን ያመኛል፣ ሩብ ሰዓት መራመድ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ዝም አለች። ለሁለተኛ ጊዜ በሌላ ቀን ስጠይቃት «የት?» አለችኝ። «ግቢው ውስጥ» አልኳት። ፈቀደች። ከሳምንት በኋላ ራሷም ወጣች! ኋላ ስንጫወት በትምህርት ቤቷ ስፖርት የሚባል ክፍለ ጊዜ እንዳልነበረ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሴት ልጆች ስፖርት የተፈቀደው በ2017 ነው፤ የሴቶች ጂም ፈቃድ መሰጠት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። እኔ ቢያንስ ልጅ ሆኜ ሱዚ ዘልያለሁ፣ ትምህርት ቤት በእግሬ ተመላልሻለሁ። እሷ ይህን አላገኘችም። አሁን ከመግሪብ በኋላ ግቢውን 20 ጊዜ እንዞራለን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ጀመርን፤ ዛሬ ጎን ለጎን ነን። ሁሉም ማዳም እንዲህ ናት አልልም። «ሩብ ሰዓት» የሚለው ጥያቄ ግን ትንሽ ስለሆነ «እምቢ» ለማለት ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጤና ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

ስለ ውፍረት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሀገር ቤት ስንገባ ብንወፍር «አረብ ሀገር ተስማማሽ»፣ ብንከሳ «ምን አደረጉሽ?» ነው የምንባለው። ሁለቱም አንገት ያስደፋል። ለዚህ ብለው በየቲክቶኩ የሚሸጠውን የማቅጠኛ ሻይና ኪኒን የሚገዙ እህቶች አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። ልብ ስለሚጎዳ በ2010 አውሮፓና አሜሪካ ከገበያ ያስወጡት ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት፣ «ከተፈጥሮ ቅጠል የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። እኔ በስፖርት የቀነስኩት ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። እንቅልፌ ግን ተመልሷል፣ ትከሻዬ ካውያ ያነሳል፣ ንዴቴም ቶሎ ይበርዳል። በሚዛን የጀመርኩ ብሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር አቆም ነበር።

እና መጠንቀቅ ያለባችሁ፦ ስትንቀሳቀሱ ደረት የሚወጋ ወይም የሚጫን ከሆነ፣ ዓይን የሚያጨልም ከሆነ፣ የወገብ ሕመሙ እግርን የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ከሆነ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያምም ከሆነ ስፖርቱን አቁማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባት አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ማሳከምም የአሠሪ ግዴታ ነው፤ ውለታ አይደለም።

ሰዎች ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል «እናንተ ሯጮች ናችሁ» ይሉኛል። እኔ አውቶቡስ እንኳ ሮጬ ደርሼ አላውቅም። ደራርቱ ቱሉን ግን እወዳታለሁ፤ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባርሴሎና ላይ ስላሸነፈችው አይደለም፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። ወልዳ፣ ከሩጫ ርቃ፣ ብዙዎች አበቃላት ሲሏት በ2009 በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን ስላሸነፈች ነው። አቁማ ተመለሰች፤ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ያቺ ሜዳልያው ብቻ ነው የቀረኝ ያለችው ጓደኛዬ ትናንት ማታ ድምፅ ላከችልኝ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ «ይሄ ጉራጊኛ ያልሽው… ቆይ… ገና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነኝ» አለች። ከኋላዋ ከበሮው ይሰማል፤ ደግሞ ልጆቹን እንዳትቀሰቅስ እየተጠነቀቀች የምትረግጠው ምንጣፍ።